ክሊኒኩን የሸሸው መንገድ

ባለፈው ዓመት በገዛ ፈቃዴ ከጊዜው ቀድሜ ጡረታ ስወጣ፣ ወጣት ባልደረቦቼ ለስንብቴ ኬክ ቆረሱና ስለ ደንበኛ እርካታ ገለጻ አቀረቡልኝ። ሰው ሲሰናበት ሲመረቅ ነው የማውቀው፤ ገለጻ ሲደረግለት አይቼ አላውቅም። ግድግዳው ላይ አረንጓዴና ቢጫ ክቦች እየተፈራረቁ ሲያበሩ ቆዩ። በመጨረሻ አንዱ፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፦

«ጋሼ፣ እናንተ በዚያን ጊዜ ይህን ሁሉ ያለ ኮምፒውተር እንዴት ነበር የምታጠኑት?» አለኝ።

«ቁጭ ብለን» አልኩት።

ቀልድ መሰለውና ሳቀ። ቀልድ ስላልነበረ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

በእኛ ጊዜ ደንበኛ የሚባል ፍጡር አልነበረም። የነበረው ባለጉዳይ ነው። ደንበኛ ካልተመቸው ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ባለጉዳይ ግን ሌላ መንግሥት የለውም። የዛሬ ምሁራን ይህ የእኛ ሙያ፣ የመስተንግዶ ጥናት፣ ውድድር ሲመጣ አብሮ የመጣ ይመስላቸዋል። እኔ አልስማማም። ተወዳዳሪ ያለው ነጋዴ ጥፋቱን ሱቁ ባዶ ሲሆን ያውቀዋል፤ ለእሱ ተመራማሪ ቅንጦት ነው። የሰው መስተንግዶ መጠናት ያለበት ሰውዬው ሌላ መሄጃ በሌለው ቦታ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ደብረ ታቦር ነው። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ ያነበብኳቸውን መጻሕፍት የሚያህል ወንበር አዲስ አበባ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። ዕጣ ወጣና የአገልግሎት አሰጣጥ ጥናት ክፍል ወደሚባል፣ ስሙ ከሠራተኞቹ የሚበዛ ቢሮ ተመደብኩ። ቢሮው የአንድ ባላባት የተወረሰ ቤት ነው። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ እንደ ባለሥልጣን ሳያንኳኳ ይገባል። ደመወዜን በተመለከተ፣ ከመዋጮ የተረፈውን እበላ ነበር ብል ይበቃል።

ሁለት አለቆች ነበሩኝ፤ አንዱ በመዋቅር፣ አንዱ በእውነት።

በመዋቅር አለቃዬ ጓድ መኩሪያ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። አንባቢም ነበር፤ ያነበባቸው መጻሕፍት ሁሉ ግን ሽፋናቸው ቀይ ነው። ለማንኛውም ችግር ያዘጋጀው አንድ መልስ ነበረው፦ የንቃት ማነስ። ወፍጮ ቤቱ ቢበላሽ የንቃት ማነስ፣ ስኳር ቢጠፋ የንቃት ማነስ። አንድ ቀን ሲያነጥስ ሰምቼ ምክንያቱን ልነግረው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

በእውነት አለቃዬ አቶ ልሳነወርቅ ናቸው። የፋርጣ ሰው ናቸው፤ ውጭ አገር ተምረው፣ ዲግሪያቸውን ይዘው፣ ቢሮው ካለው ሰው ሁሉ የበለጠ አንብበው የተመለሱ ናቸው። ለጥናት ሲወጡ ግን ኮታቸውን አውልቀው ጋቢ ይደርባሉ። የመጀመሪያውን ቀን ወደሚጠናው መሥሪያ ቤት አይገቡም። ባለጉዳዩ ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። እስክሪብቶ አያወጡም። «እስክሪብቶ ያየ ባላገር ምስክር እንጂ ሰው አይሆንልህም» ይሉ ነበር።

«ታዲያ ምን እያዩ ነው የሚውሉት?» አልኳቸው መጀመሪያ ሰሞን።

«በሩን።»

«በሩ ምን ይነግርዎታል?»

«በሩ ምንም። በሩ ሲከፈት ሰው የት እንደሚያይ ተመልከት። የሚወጣውን ጸሐፊ ፊት ካየ፣ ሰውየውን ይፈራዋል ማለት ነው። እጁን ካየ፣ ወረቀት ነው የሚጠብቀው። እርስ በርስ ከተያየ ደግሞ ተራው የማን እንደሆነ አያውቅም። ይህን ሳታይ የምትጠይቀው ጥያቄ ሁሉ የራስህ ጥያቄ ነው።»

ይህ አባባል ያልሠራበት ቢሮ እስከ ዛሬ አላየሁም። ፍርድ ቤት፣ ጉምሩክ፣ ባንክ ሠርቻለሁ፤ ሁሉም ዘንድ በሩ ሲከፈት ሰው ከሦስቱ አንዱን ያያል።

የከተማው ወፍጮ ቤት የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ጓድ መኩሪያ ሴቶቹ ተሰልፈው እንዲቆሙ መመሪያ አውጥቶ ኖሮ፣ ወረፋው ከበፊቱ ብሶ ጠብ ሆኗል። አቶ ልሳነወርቅና እኔ ከእህሉ መሐል ተቀምጠን ዋልን። ለካ ከመመሪያው በፊት የሚሰለፈው ቁናና ስልቻው ነው እንጂ ሴቶቹ አይደሉም። ሴቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ልጅ ያጠባሉ፣ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ቁናው ተራውን ይጠብቅላቸዋል፤ የቁናን ተራ የሚነጥቅ የለም፣ ነውር ነው። መመሪያው ከተነሣ በኋላ ጠቡም ተነሣ። ጓድ መኩሪያ ይህን «የተሻሻለ የወረፋ ሥርዓት» ብሎ ለበላይ ጻፈ። ቅር አላለኝም። ሥርዓቱ ከአያቶቻቸው የመጣ ነው ብሎ ቢጽፍ ማን ይፈቅድለት ነበር?

ሁሉ ነገር እንዲህ አልሠመረም። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ላይ ቡድናችን ክፉኛ ወደቀ። ገላ ታጣቢዎቹ ልብስ የሚቀይሩበት ጣራ ያለው መጠለያ እንዲሠራላቸው አመልክተው ነበር። ጓድ መኩሪያ ከመጽሐፍ የቀዳውን መጠይቅ አስይዞ ላከን፤ በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል፣ በጣም፣ በመጠኑ፣ ምንም። አቶ ልሳነወርቅ ያኔ ታመው ቤታቸው ነበሩ። ክረምቱ ገብቷል። ከውሃው የወጡ አንዲት ባልቴት ቆመው ይንቀጠቀጣሉ።

«እማማ፣ በአገልግሎቱ ረክተዋል?»

«ተመስገን ልጄ።»

«የጎደለ ነገር የለም?»

«ምን ይጎድላል! ጸበል ይወቀሳል እንዴ? አፌን ይቁረጠው!»

ይህን ብለው እርጥብ ቀሚሳቸውን ሊቀይሩ ዝናቡ ሥር ወዳለ ቁጥቋጦ ሄዱ። ከእሳቸው በኋላ የጠየቅነውም ሁሉ ተመስገን አለ። ውጤቱ ተጠናቅሮ ወደ በላይ ሄደ፤ መልሱም ቶሎ መጣ። ሕዝቡ በአገልግሎቱ እጅግ ስለረካ ጣራ አያስፈልገውም። እኔ ከዚያ አገር እስክወጣ ድረስ ያ ጣራ አልተሠራም። በሙያዬ ብዙ ትልልቅ ጥናቶች ሲሳሳቱ አይቻለሁ፤ እንደዚያ መጠይቅ በንጹሕ ቁጥር ሰው ያበሰበሰ ግን አላየሁም።

አቶ ልሳነወርቅ ሲድኑ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ተመስገን መልስ አይደለም፣ ሰላምታ ነው» አሉኝ። «እዚህ አገር በእንግዳ ፊት ቤተኛን ማማት ነውር ነው። አንተ ደግሞ የትም ብትሄድ እንግዳ ነህ። ስለዚህ ረክተዋል ወይ ብለህ አትጠይቅ። ባለፈው ስትመጡ ከማን ጋር ነበራችሁ፣ የት ተቀመጣችሁ፣ ማን ተጠራ ብለህ ጠይቅ። ሰው አያማርርም እንጂ ይተርካል።»

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች አንዲት የገበያ መንደር አለች፤ ስሟን ልተወው። ነዋሪው ድንጋይ ተሸክሞ፣ እንጨት ቆርጦ ክሊኒክ ሠራ። መንግሥት አልጋና መድኃኒት ላከ። ድሬሰሯ፣ ማለት ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊዋ፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ የምትባል የጋይንት ሴት ናት፤ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ። መጀመሪያ ሰው ጎረፈ። ከዚያ ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ጭራሽ ቀረ። በሽተኞች የክሊኒኩን አጥር ከሩቅ እያዩ አልፈው፣ በቃሬዛ ዳገቱን ወደ ደብረ ታቦር መውጣት ጀመሩ። ምጥ የያዛት ሴት ሳትቀር።

ጓድ መኩሪያ ጠራኝ። «ሕዝቡ የማይጠቀምበት ክሊኒክ ለምን ይቆማል? ሰኔ ሳያልቅ ተዘግቶ ንብረቱ የነቃ ሕዝብ ወዳለበት ቀበሌ ይዛወራል። አንተ ጥናቱን ትጽፋለህ።»

«ምን ብዬ?»

«ያው... የንቃት ማነስ።»

ውሳኔው አልቆ ጥናቱ ብቻ ነበር የቀረው። በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ዛሬም አይደለም። አቶ ልሳነወርቅ ግን «ጥናት ካሉማ እናጠናለን» ብለው ጋቢያቸውን ደረቡ።

በገበያ ቀን ደረስን። ወይዘሮ ዘውድነሽ ባዶ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጥርስ መንቀያዋን ትወለውላለች።

«እናንተም ልትቀብሩኝ ነው የመጣችሁት?» አለችን።

«ኧረ እታለም፣ ገና ሳትሞቺ?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

«ምን ቀረኝ! ሰው መድኃኒት ሞልቶልኝ እንደ ቡዳ ይሸሸኛል። ምን አደረግኳቸው? ሰደብኳቸው? አዎ ሰድቤያለሁ፤ ያለ ስድብ መርፌ የሚወጋ ማን ነው? ድሮም እሰድባቸው ነበር፣ ድሮ ግን ይመጡ ነበር!»

ይህ ለእኔ ቀልድ ነበር። ለአቶ ልሳነወርቅ ግን መረጃ ነው፤ ስድቡ ምክንያት አይደለም ማለት ነው፤ መድኃኒት መጥፋቱም አይደለም። ወጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆሙና መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። ከማዶ ያሉት መንደሮች ወደ ገበያው የሚወስዳቸው ቀጥተኛ መንገድ በክሊኒኩ ደጅ ነው የሚያልፈው። ያ መንገድ ሣር በቅሎበታል። አዲሱ የእግር መንገድ ገና ከሩቁ ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ የገብሱን ማሳ ዳር ይዞ፣ አፋፉን ዞሮ ከገበያው ጀርባ ይወጣል። ሴቶች ድንች ተሸክመው ያንን ዙሪያ ጥምጥም ሲሄዱ አየን።

«አየህ?» አሉኝ። «ያልጠቀመህን ቤት ዝም ብለህ በደጁ ታልፋለህ። የምትዞረው የፈራኸውን ነው። ንቃት ያነሰው ሰው በደጅ ያልፋል እንጂ ሸክም ይዞ አፋፍ አይዞርም።»

ገበያው ውስጥ ድንች ከምትሸጥ የሺ ከምትባል ሴት አጠገብ ተቀመጥን። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ዓይኑ ተጣብቋል። አቶ ልሳነወርቅ ስለ ሕፃኑ አንድም ቃል አልተናገሩም። ስለ ድንቹ፣ ስለ ውርጩ ሲያወሩ ቆይተው፦

«ባለፈው እዚያ ክሊኒክ ስትሄጂ ከማን ጋር ነበርሽ?» አሏት።

«ከአማቴ ጋር ነዋ።»

«የት ተቀመጣችሁ?»

«ከደጁ፣ አግዳሚው ላይ። ገበያው ሁሉ እያየን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያ ጸሐፊ በር ላይ ቆሞ ጠራኝ። ልጄን ታቅፌ ሮጥኩ።»

«ምን ብሎ ጠራሽ?»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ለአንቱ ልናገር ነው?»

«አትንገሪኝ፣ አትንገሪኝ። ይህን ብቻ በይኝ፦ እናትሽ ያወጣችልሽን ስም ነው፣ ወይስ ቄሱ ያወጡልሽን?»

ዓይኗ መለሰ። አቶ ልሳነወርቅ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። የክርስትና ስም ለንስሐ አባትና ለጸሎት ነው። በደጅ አይጠራም፤ ባዕድ አይሰማውም። ድግምተኛ ያንን ስም ካገኘ ባለቤቱን እንደ በግ በገመድ ይስበዋል ይባላል። ስሙን ይዞ የሚጠራ ሰው በቆመበት ደጅ ማንም ማለፍ አይደፍርም። እኔ አላምንም ነበር፤ እዚያ ገበያ ላይ ግን እኔ ማመን አለማመኔ ለሕፃኑ ዓይን ምንም አይጠቅምም።

ጸሐፊው ዲያቆን አስማረ የሚባል ጎልማሳ ነበር። ከቅኔ ቤት ወጥቶ መንግሥት የቀጠረው፣ ለሥራው ነፍሱን የሚሰጥ ሰው። ወደ ክሊኒኩ ተመልሰን ስንጠይቀው አልደበቀም። በአንድ ወቅት ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች መድኃኒታቸው ተለዋወጠባቸው፤ አንዷ ልትሞት ደርሳ ተረፈች። እሱ ያን ቀን ሁለተኛ ሰው አላደባልቅም ብሎ ማለና በየበሽተኛው ካርድ ላይ የክርስትና ስም መጻፍ ጀመረ።

«ታዲያ ሰው ከሰው የሚለየው በምን ነው?» አለን። «ቅዳሴ ላይ የምንለየው በክርስትና ስሙ ነው። እግዚአብሔር የሚያውቃቸው በዚህ ነው፤ መንግሥት በምን ያንሳል?»

«እነሱስ እንዴት ነገሩህ?» አልኩት።

«ዲያቆን ነኛ! ለጸሎት መስሏቸው በጆሮዬ ሹክ ይሉኛል።»

«አንተ ደግሞ በር ላይ ቆመህ ለገበያው አወጅከው!» ብላ ወይዘሮ ዘውድነሽ ጮኸች። «ኧረ በማርያም! እኔ እኮ ውስጥ ሆኜ ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ኪዳን ስትል የበዓል ቀን ነው ብዬ!»

ፊቱ አመድ ሆነ። የካርዱ አሠራር ከላይ የመጣ ነው፣ ጥንቃቄው ቅን ነው፣ ሃይማኖቱ እውነተኛ ነው። ሦስት መልካም ነገሮች ተደምረው አንድ ክሊኒክ ገደሉ። የዚህ ዓይነቱን ስሕተት የሚሠራ ሰነፍ ጸሐፊ በዓለም ላይ የለም፤ ትጉህ መሆን ያስፈልጋል።

አቶ ልሳነወርቅ ሁለት ነገር አዘዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም በር ላይ አይጠራም። የመጣ ሁሉ ከማን ቀጥሎ እንደተቀመጠ ይወቅ፤ ወይዘሮ ዘውድነሽ ራሷ ብቅ ብላ ተረኛውን በዓይኗ ትጥቀሰው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው በመንደራቸውና በእናታቸው ስም ይለዩ። ሁለተኛው ከባድ ነበር፦ የተጻፉት ስሞች ካርዱ ላይ እስካሉ ድረስ ማንም አይመለስም። ዲያቆን አስማረ የክርስትና ስሞቹን ከካርዶቹ ላይ አንድ በአንድ በመቀስ ቆርጦ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ለደብሩ አለቃ አስረከበ። «ስማችሁን መልሻለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ የመንግሥት ሰነድ የቆረጠ ሰው በዚያ ዘመን ምን ተብሎ እንደሚከሰስ አሰላስል ነበር። አሻጥር ነው የሚባለው።

ቢሮ ተመልሼ ጥናቱን ጻፍኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፦ «ሕዝቡ ክሊኒኩን አልናቀውም፤ ፈርቶታል።» ጓድ መኩሪያ አንብቦ ቀና አለ።

«ይህን ጻፍ ያለህ ማን ነው?»

«መንገዱ ነው ጓድ። ክሊኒኩን ዞሮ ይሄዳል።»

«አንተን ደግሞ ሁመራ በረሃ የሚወስድ መንገድ አለ! መቀሱንም ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ራሴ ሄጄ እዘጋዋለሁ።»

ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን፣ በላንድሮቨሩ፣ ከኋላ ባዶ የጭነት መኪና አስከትሎ ሄደ። አቶ ልሳነወርቅና እኔ ከኋላ መቀመጫ ላይ ነን። ስንደርስ አግዳሚው ሞልቶ ሰው ከአጥሩ ሥር ጭምር ተቀምጧል። የሺ ሕፃኗን ይዛ አለች። አያ ደምሴ የሚባሉ እግራቸው ያበጠ አዛውንት ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፅ የለም፤ ወይዘሮ ዘውድነሽ ብቅ ትላለች፣ ትጠቅሳለች፣ አንዱ ይገባል። በሩ ሲከፈት ሰው የሚያየው ፊቷን ነበር፤ ግን ፈገግ እያለ ነው የሚያያት። አቶ ልሳነወርቅ ይህንን አራተኛ ዓይነት ከዚያ በፊት አልነገሩኝም ነበር።

ጓድ መኩሪያ ግራ ተጋባ፤ የመጣበትን ግን አልረሳም። «ይህ ለጥንቆላ መንበርከክ ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «ስም ስም ነው! አብዮታዊ መንግሥት ስም ተጠራብኝ ብሎ ለሚሮጥ ሰው ሰነድ አይቆርጥም። አልጋዎቹ ይጫኑ!»

ሁለት ወዛደሮች ከመኪናው ወረዱ። የሺ ሕፃኗን ይዛ ተነሣች። ወይዘሮ ዘውድነሽ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች፤ በሕይወቴ ዝም ብላ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ልክ ነዎት ጓድ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ በጸጥታ። «ስም ስም ነው። እንግዲያው ሕዝቡን ያንቁት። የክርስትና ስምዎን ለዲያቆን አስማረ ይንገሩትና፣ እዚህ በር ላይ ቆሞ ለገበያው ይጥራልን። ከእርስዎ አይተው ፍርሃቱን ይተዋሉ።»

ዲያቆን አስማረ ትእዛዝ አክባሪ ነው። ወደ በሩ ወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አቀረበ። «ማን ልበል ጓድ?»

ጓድ መኩሪያ አፉን ከፈተ። ገበያውን አየ። አፉን ዘጋ። የኮቱን ቁልፍ ነካካ። ወዛደሮቹ ቆሙ፤ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ይሄ...» አለ ጓድ መኩሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ የግል ጉዳይ ነው።»

አያ ደምሴ ከአግዳሚው ጫፍ ዱላቸውን አነሡ። «ይኸው! እኛስ ምን አልን!»

አጥሩ ሥር የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጓድ መኩሪያ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አንገቱን ደፋ፣ በመጨረሻ ራሱም ሊገታው ያልቻለ ሳቅ በአፍንጫው አመለጠው። የዚያን ቀን ሰውየውን ወደድኩት። ለወዛደሮቹ «መኪናው ላይ ውጡ፣ ተመለሱ» አላቸውና ባዶውን መኪና ባዶውን መለሰው።

በወሩ ለበላይ የጻፈውን ሪፖርት አነበብኩ። ክሊኒኩ «በአመራሩ ቆራጥ ክትትል» ዳግም ሕዝባዊ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል ይላል። አንድም ቃል አላረምኩም። ክሊኒክ ከተረፈ ማን አተረፈው የሚለው ጥያቄ የተመራማሪ ሥራ አይደለም።

ክረምቱ ሳይበረታ በዚያ መንገድ ሳልፍ ጎራ አልኩ። ሰው በሩን ከቦታል፤ አንዲት አራስ ውስጥ ተኝታ ልጇ ያለቅሳል። ወይዘሮ ዘውድነሽ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ላብ በላብ ሆና ወጣችና አየችኝ። አመሰግናለሁ የምትል መስሎኝ ደረቴን ነፋ አደረግኩ።

«አንተ የጥናት ሰውዬ!» አለችኝ። «ቁርስ ሳልቀምስ ቀኑ መሸ። አሁን ደግሞ ሰው እንዳይመጣ የሚያደርግ ጥናት አጥናልኝ!»

ይህን ብላ ለሚቀጥለው ጠቀሰች።